አንድ መደብ፣ ሦስት ንብርብር

መደቡ ከእግረኛ መንገዱ ዳር ይነሣና ወደ ኩሬው ዝቅ ይላል። ወርዱ አራት እርምጃ፣ ቁመቱ ከሃያ እርምጃ በላይ ነው። ሣሩ የሚያበቃበት ጠርዝ በስለታም አካፋ ቀጥ ተደርጎ ወደ ታች ተቆርጧል። ከጠርዙ ቀጥሎ አንድ ስንዝር የማይሞላ ባዶ አፈር አለ። አፈሩ ግራጫ አሸዋ ነው፤ በጣት ሲያሹት አይጨማለቅም፣ ይበተናል። ከዚያ አበባው ይጀምራል። ሲጀምር ዳር ዳሩ አይሳሳም፤ የመጀመሪያው ረድፍ ከመካከሉ እኩል ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ጎብኚው ሁሉ እዚህ ጋ ቆሞ ፎቶ ያነሣል። እኔ ተቀመጥኩ። መደቡን ቆመው ሲያዩት ነጭና ቢጫ ናርሲስ ብቻ ነው። ዓይንን ከአበባው ሥር ዝቅ አድርገው በጎን ሲያዩት ግን ሌላ ተክል ይታያል። በናርሲሱ አገዳዎች መካከል ሰፋ ያሉ፣ አረንጓዴያቸው ወደ አመድማ የሚያደላ ቅጠሎች ተጠቅልለው ቆመዋል። በየጥቅሉ ውስጥ ገና ቀለም ያልያዘ እንቡጥ አለ። ቱሊፕ ነው። ከሁለቱም በታች፣ አፈሩ ላይ፣ አበባው ያለፈበት የክሮከስ ቀጭን ቅጠል ተኝቷል። ክሮከሱ ጨርሷል፤ ናርሲሱ ሥራ ላይ ነው፤ ቱሊፑ ተራውን ይጠብቃል። ሦስቱም የተተከሉት ባንድ ሰሞን፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ቦታው ኩከንሆፍ ይባላል። ከአምስተርዳም በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሊሰ በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ ዳር ያለ የአበባ መናፈሻ ነው። ስፋቱ 32 ሄክታር ሲሆን ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው በዓመት ስምንት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ በፊት ጀምሮ እስከ ግንቦት መጀመሪያ። የቀረው ዓመት ለእነዚህ ስምንት ሳምንታት ዝግጅት ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ኮረቱ፣ ማለት ሽንኩርት መሰሉ የተክሉ ራስ፣ በሙሉ ይነቀላል፣ መሬቱ ይስተካከላል፣ በቀጣዩ መኸር አዲስ ንድፍ ይዞ እንደገና ይተከላል። ዘንድሮ የታየው መደብ በሚመጣው ዓመት በዚያው መልኩ አይደገምም።

ሥራውን በቁጥር ማየት ይረዳል። በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል ኮረት በእጅ ይተከላል። የሚተክሉት ወደ 40 የሚጠጉ አትክልተኞች ናቸው። ተከላው መስከረም ማብቂያ ላይ ተጀምሮ ኅዳር ሲያልቅ ይጠናቀቃል፤ አሥር ሳምንት ገደማ። ለአንድ ሰው 175,000 ይደርሰዋል። በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ በቀን 3,500 ይሆናል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል በየስምንት ሴኮንዱ አንድ ኮረት ማለት ነው። ሒሳቡ የእኔ ነው፤ ዝናቡን፣ ቁፋሮውንና ሣጥን ማመላለሱን አልቆጠርኩም። እነሱ ሲቆጠሩ ለአንዱ ኮረት የሚተርፈው ጊዜ ከዚህም ያንሳል። በዚያች አፍታ ውስጥ አትክልተኛው ኮረቱን ያነሣል፣ የሾለው ጫፍ ወደ ላይ መሆኑን በጣቱ ይለያል፣ ከጎረቤቱ ያለውን ርቀት በዓይኑ ይለካል፣ ያስቀምጣል።

በመኪና ወደ ሊሰ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው የቱሊፕ ማሳ የሚተከለው በማሽን ነው። ለማሳ ያ ይበቃል። ማሽን የጣለው ኮረት ተገልብጦም ቢያርፍ ይበቅላል፤ ቡቃያው ዞሮ ወደ ብርሃን ይወጣል። ዞሮ ለመውጣት ግን ጉልበትና ቀን ይከፍላል፤ ከጎረቤቱ ይዘገያል፣ ያጥራል። በማሳ ላይ ይህ ለውጥ የሚያመጣ አይደለም። አበባው ሁሉ እኩል ቁመት ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲፈካ በታሰበበት መደብ ላይ ግን ያ አንዱ ጎድሎ ይታያል።

አሁን ስለ ኮረቱ ራሱ። የቱሊፕ ኮረት መጠኑም አሠራሩም ከትንሽ የሽንኩርት ራስ ጋር ይቀራረባል። ከላይ ቡናማ፣ ስስ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ልጣጭ አለው። ጥራቱ የሚለካው በክብደት ሳይሆን በወገቡ ዙሪያ ነው፤ ነጋዴው በልዩ ልዩ ስፋት በተበሳ ወንፊት ያበጥረዋል። የወገቡ ዙሪያ 12 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በጣም ትንሹ አበባ አያወጣም። አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ ይዞ ይወጣና ዓመቱን በሙሉ ራሱን ሲመግብ ይከርማል።

ኮረቱን በመኸር ወራት ከጫፉ እስከ ሥሩ ለሁለት ቢሰነጥቁት፣ መጀመሪያ አራት ወይም አምስት ወፍራም ነጭ ሽፋኖች አንዱ በሌላው ላይ ተጠቅልለው ይታያሉ። ምግቡ እነሱ ውስጥ ነው። ሁሉም ከታች በጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ተያይዘዋል፤ ሥሩ የሚወጣው ከዚያ ነው። መካከል ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ቢጫማ ቡቃያ አለች። በአጉሊ መነጽር ሲያዩዋት አበባው ተሠርቶ አልቋል። ቅጠሎቹ አሉ። ስድስቱ የአበባ ቅጠሎች አሉ። ስድስቱ የወንዴ ዘንጎች በየቦታቸው ቆመዋል። መሐሉ ላይ ሦስት ማዕዘን ያለው የሴቴ ክፍል ይታያል። ይህ ሁሉ የተሠራው በአውሮፓ በጋ፣ ኮረቱ ከመሬት ወጥቶ በመጋዘን ደርቆ ተቀምጦ ሳለ ነው። አምራቾች ሥራው ማለቁን የሚያውቁት ጥቂት ኮረቶችን ሠውተው፣ ሰንጥቀው በማየት ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ከታየ አበባው ሙሉ ነው።

እንግዲህ አትክልተኛው የሚተክለው ያለቀ አበባ ነው። የቀረው ማርዘም ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ብርድ ያስፈልጋል። ቱሊፕ ከ9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ካላገኘ አገዳው በወጉ አይረዝምም። አበባው ከቅጠሎቹ መካከል ሳይወጣ ይቀጭጫል ወይም እዚያው ይደርቃል። ሙቀት ብቻውን አያነቃውም። አዲስ አበባ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቀኑ ግን ይሞቃል፣ አፈሩም ያንን ሙቀት ይይዛል። ተክሉ የመጣው ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ደረቅ ከሆነው የመካከለኛው እስያ ተራራማ አገር ነው። ምግቡን በኮረት ውስጥ ቆልፎ ሐሩሩን ከመሬት በታች ማሳለፍን የተማረው እዚያ ነው።

ይህ ከታወቀ ንብርብሩ ይገባል። ከሁሉ ዘግይቶ የሚያብበው ቱሊፕ ከታች ይቀመጣል፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። በላዩ አፈር ይለብሳል። መካከል ላይ ናርሲስ ወይም ቀድሞ የሚያብብ ቱሊፕ ይገባል። እንደገና አፈር ይለብሳል። ከላይ፣ ከመሬቱ ገጽ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ክሮከስ ወይም ሙስካሪ የምትባል አጭር ሰማያዊ አበባ ይረጫል። ክሮከስ ብርዱ ሳይለቅ፣ በሩ እንደተከፈተ ያብባል። ሚያዝያ ሲቃረብ ናርሲሱ ይረከባል። በሚያዝያ አጋማሽና ከዚያ በኋላ የታችኛው ቱሊፕ ይወጣል። አንዱ ቡቃያ ሲያድግ ከበላዩ ያለው ኮረት ቢገጥመው ጎኑን ታክኮ ዞሮ ያልፋል፤ የላይኛውም ከቦታው አይነቃነቅም።

ጥበቡ ያለው በልኩ ላይ ነው። ሦስቱ ንብርብሮች እኩል ቢደፍኑ የመጀመሪያው ለሁለተኛው መውጫ አይሰጠውም። ስለዚህ የላይኛው ክፍተት ይተዋል፣ የታችኛው ደግሞ ከላይኛው ረጅም የሚሆን ዝርያ ይመረጣል። ቀጣዩ አበባ ከቀዳሚው አንድ ጭብጥ ከፍ ብሎ ካልወጣ፣ የጠወለገው ቅጠል እንደ ተጋለጠ ይቀራል። አጠገቡ በተቀመጥኩበት መደብ ላይ የቱሊፑ እንቡጥ ገና የናርሲሱ አገዳ እኩሌታ ላይ ነበር። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ናርሲሱን አልፎ እንደሚሄድ ከቅጠሉ ስፋት ይነበባል፤ አገዳው ከሚረዝመው ውስጥ አብዛኛውን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ወረቀት ላይ ሲነደፍ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ቁመቱና ሳምንቱ አብሮ ተጽፏል ማለት ነው። የቀን መቁጠሪያ ወደ ጥልቀት ተቀይሯል።

ይህንንም አየሩ ያናውጠዋል። የካቲት ከሞቀ ሁሉም በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ይቀድማል። መጋቢት ከበረደ ይዘገያል። ንድፉ ይህንን የሚቋቋመው ቅደም ተከተሉ ስለማይፋለስ ነው፤ ቀኑ ይገፋል እንጂ ናርሲስ ከክሮከስ አይቀድምም።

አንዲት አትክልተኛ ከኩሬው ማዶ ባለ መደብ ላይ ያለፈባቸውን አበቦች ስትለቅም አየሁ። ራሱን ብቻ፣ ከአገዳው መገናኛ ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀጭ ታደርገዋለች። አገዳውንና ቅጠሉን አትነካም። እግሯን የምታሳርፈው ቀድማ ዓይታ ነው፤ ከጫማዋ ስፋት የማይተርፍ ክፍት ቦታ ትመርጥና ክብደቷን ቀስ ብላ ታሳልፋለች። ከመደቡ ስትወጣ ወደኋላዋ ጎንበስ ብላ የቆመችበትን አፈር በእጇ ዳሰስ አድርጋ አለሳለሰችው። የረገጠችበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት።

የመናፈሻው አጥንት ከአበባው ይቀድማል። በ1857 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአጠገቡ ላለው ግንብ አጸድ የነደፉት ያን ዳቪድ ዞኸርና ልጁ ሉዊ ፓውል ዞኸር ናቸው። የአምስተርዳሙ ፎንደል መናፈሻም የእነሱ ሥራ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ አይወዱም ነበር። መንገዱ ይታጠፋል፣ ዛፍ ይከልለዋል፣ ከዛፉ ጀርባ ኩሬ ይገለጣል። ቆየት ብሎ፣ በ1949፣ ሃያ ያህል የአበባ ኮረት አምራቾችና ላኪዎች ቦታውን የጸደይ አበባ ማሳያ ለማድረግ ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት በሩ ተከፈተ። ዛሬም 100 ያህል አምራቾች ኮረታቸውን ያቀርባሉ። መደቡ ለእነሱ የሥራቸው ማሳያ ነው፤ የዝርያው ስም ከአበባው አጠገብ በትንሽ ሰሌዳ ተጽፎ ይቆማል።

ከዞኸሮች ውርስ ውስጥ እኔ አብልጬ የማየው ትልልቆቹን የቢች ዛፎች ነው። ቢች ቅጠሉን የሚያወጣው ዘግይቶ፣ የቱሊፑ ሰሞን ወደ ማለቁ ሲል ነው። ክሮከሱና ናርሲሱ በሚያብቡበት ጊዜ ቅርንጫፉ ባዶ ነው፤ ብርሃኑ ቀጥታ መሬት ይደርሳል። ጥላው የሚመጣው ብርሃኑ ካልተፈለገ በኋላ ነው። ግንዱ ለስላሳና አመድማ፣ መሥመር የሌለው ነው። በዛፎቹ መካከል ሰማያዊ ሙስካሪ እንደ ፈሳሽ ውኃ ሲጠማዘዝ ይወርዳል። ወርዱ አንድ ወጥ አይደለም። በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ይጠባል፣ በውጪው ይሰፋል፣ ትልቅ ግንድ አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና እንደገና ይገናኛል። ሙስካሪ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም። የአንዷ አገዳ አበባ ጥቃቅን ሰማያዊ እንክብሎች ከላይ ወደ ታች የተደረደሩባት ናት፤ የእያንዳንዱ እንክብል አፍ በነጭ ክር የምትመስል ጠርዝ ተከቧል። ሰማያዊው ከሩቅ ለስለስ ያለ የሚመስለው በዚያች ነጭ ጠርዝ የተነሣ ነው።

ሁሉም መደብ እንደዚህ አይደለም። ከዋናው በር አቅራቢያ ባሉት ላይ ደማቅ ቀይ ከሐምራዊ፣ ሐምራዊው ከብርቱካናማ ጋር ተገጥግጧል። ጎብኚን ለመቀበል የታሰበ መሆኑ ይገባኛል። ዓይን ግን የሚያርፍበት አያገኝም፤ አንዱን አበባ ለይቶ ለማየት ሌላውን በእጅ መከለል ያስፈልጋል። የተሻለው ሥራ ሁለት ቀለም ብቻ ባለበት ቦታ ነው። አንድ መደብ ላይ ጥቁር ሊባል ትንሽ የቀረው፣ ክዊን ኦቭ ናይት የሚባለው ጥልቅ ወይን ጠጅ ቱሊፕ ከነጭ ጋር ተቀላቅሎ ለመተከሉ ምልክቱ ሰሌዳው ላይ ነበር። ከታችኛው ንብርብር ስለሆነ ገና አላበበም። ሬሾው ግን ከቡቃያው ይቆጠራል፤ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለውን ቡቃያ የወይን ጠጁ አድርጌ ወሰድኩ። በቆጠርኩት ጥግ ሦስት ለአንድ፣ ጥቁሩ በዝቶ ነጩ አንሶ ነበር። እኩል ቢሆን ኖሮ የጨርቅ ጥለት ይሆን ነበር።

ሌላው የኮረት አበባ፣ ሃያሲንት፣ ብቻውን ብዙ ሊባልለት የሚገባ ነው። ቱሊፕ በየዓመቱ ራሱን ይተካል፤ የተተከለው ኮረት አበባውን አውጥቶ ያልቅና በሽፋኖቹ ብብት ውስጥ አዳዲስ ኮረቶች ይፈጠራሉ። ሃያሲንት እንደዚያ አይደለም። ያው ኮረት ከዓመት ዓመት ይኖራል፣ በራሱ ግን እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚባዛው። ለዚህ የኔዘርላንድስ (የደች) አምራቾች ቢላ ያነሣሉ። ኮረቱን ይገለብጡና ጠፍጣፋ መቀመጫውን በታጠፈ ትንሽ ቢላ ቦርቡረው ያወጡታል። ሌላው መንገድ መቀመጫውን በመስቀለኛ አድርጎ ጠልቆ መሰንጠቅ ነው። ከዚያ ኮረቱ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተገልብጦ ይቀመጣል። በቁስሉ ጠርዝ ላይ፣ ከየሽፋኑ ሥር፣ ስንዴ የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች ያብጣሉ። እያንዳንዱ አዲስ ሃያሲንት ነው። ከአንድ ኮረት በርካታ ደርዘን ልጆች ሊገኙ ይችላሉ። ቢላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያንስ መቀመጫው ይተርፋል፣ ልጅ አይወጣም። ቢበልጥ ሽፋኖቹ ይላቀቃሉ፣ ኮረቱ ይበሰብሳል። ሠራተኛው ጓንት ያደርጋል፤ የሃያሲንት ልጣጭ በዓይን የማይታይ ስለታም ቅንጣት ስላለው እጅ ያሳክካል። ከተቆረጠበት ቀን እስከ መጀመሪያው ለገበያ የሚበቃ አበባ ድረስ ሦስት፣ አራት ዓመት ይሄዳል።

ሰማያዊው የሃያሲንት መደብ ዘንድ ስደርስ እነዚያን ሦስት፣ አራት ዓመታት አሰብኩ። በአንድ አገዳ ላይ ሰላሳ፣ አርባ ትንንሽ አበቦች ተሰክተዋል። እያንዳንዷ ስድስት ጫፍ አላት፣ ጫፎቿ ወደኋላ ይቀለበሳሉ። የታችኞቹ ሙሉ በሙሉ ከፍተዋል፣ የጫፎቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። ኮረቶቹ ከቱሊፕ ሰፋ ባለ ርቀት ተተክለዋል፤ አገዳው ከባድ ነውና ቢጠጋጋ እርስ በርሱ ይገፋፋል፣ ቢራራቅም ዝናብ ሲመታው የሚደገፍበት ያጣል። ነፋስ ባለበት ቀን ይህ ርቀት ራሱን ያሳያል። መደቡ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አንድም አገዳ አይተኛም።

ስለ ቱሊፕ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። የወደቀ የቀይ ቱሊፕ ቅጠል ካገኙ ላዩን በጥፍር ቀስ ብለው ይላጡት። ቀዩ ስስ ቆዳው ላይ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ሥጋ ነጭ ወይም ቢጫ ነው። ቢጫ ከሆነ ቀዩ ወደ እሳት ይጠጋል፤ ነጭ ከሆነ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ዓይን የሚያየው የሁለቱን ድርብ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደቾች ቤት የሚያህል ዋጋ የከፈሉላቸው፣ ነጭ ላይ ቀይ ነበልባል የመሰሉ ቱሊፖች ምሥጢርም እዚሁ ቆዳ ላይ ነው። ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ላይ እንዳይሠራ የሚከለክል ቫይረስ ነበር። ይህንን ዶሮቲ ኬይሊ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1928 አረጋገጠች፤ ተሸካሚው የእኛ ገበሬዎች ክሽክሽ የሚሉት ነፍሳት ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ አበባውን ሲያሳምር ኮረቱን ያዳክማል። ከሁሉ የተወደደው ሴምፐር አውጉስቱስ ዛሬ የለም። አሁን በመደቡ ላይ የሚታዩት ነበልባላማ ቱሊፖች ጤነኞች ናቸው፤ መሥመራቸውን የወረሱት በዘር ነው። እነሱንም ቀርበው ይዩአቸው። የነበልባሉ መሥመር ከቅጠሉ መሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዙ ሲሄድ እየሳሳ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ የሚደርሰው ከፀጉር በቀጠነ ጭረት ነው።

አዲስ ዝርያ ለማውጣት ትዕግሥቱ ከዚህም ይረዝማል። ከዘር የበቀለ ቱሊፕ የመጀመሪያ አበባውን ለማሳየት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ያ አንድ አበባ ከወደዱት ወደ ብዙ ሺህ ኮረት እስኪባዛ ድረስ፣ ከመዳቀል እስከ ገበያ ሃያ ዓመት ያህል ይቆጠራል። ሌፌበር የተባለው ደች አዳቃይ ረጃጅሞቹን የዳርዊን ቱሊፖች ከመካከለኛው እስያ ከመጣ ትልቅ ቀይ የዱር ዝርያ ጋር አዳቅሎ ያገኘው አፔልዶርን በ1951 ወጣ። ዛሬም በየመደቡ አለ። ቀይ ነው፤ ውስጡ ሥሩ ላይ ጥቁር አለ፣ ጥቁሩ በቢጫ ጠርዝ ተከቧል። ቢጫው የሚታየው አበባው ሲከፈት ብቻ ነው።

ከመናፈሻው ጫፍ በ1892 የተሠራ የነፋስ ወፍጮ አለ፤ ከግሮኒንገን ተነቅሎ እዚህ የቆመው በ1957 ነው። ሰገነቱ ላይ ሲወጡ ከአጥሩ ውጪ ያለው ማሳ ይታያል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ ሰቅ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ። መሬቱ ዱሮ የባሕር ዳር የአሸዋ ክምር ነበር። ክምሩ ተነሥቶ መሬቱ ተደለደለ፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ በቦዮች እየተጠበቀ ከገጹ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል። ሥሩ ውኃውን ያገኘዋል፣ ኮረቱ ግን አይረጥብም። ማሳው ላይ አበባው የሚቆየው ዝርያው እስኪመረመርና የታመመው ተለይቶ እስኪወገድ ድረስ ነው። ከዚያ ራሱ በማሽን ይቆረጣል፣ ጉልበቱ ወደ ኮረቱ እንዲመለስ። ለማሳው ገበሬ አበባው መሸጋገሪያ ነው። በአጥሩ ውስጥ ላለው አትክልተኛ ኮረቱ ነው መሸጋገሪያው።

ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት አልስሜር አለ፤ የዓለም ትልቁ የአበባ ጨረታ ቤት። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ እዚያ ይደርሳል። በመናፈሻው የቤት ውስጥ ትርኢት ላይ የተቆረጡ ጽጌረዳዎችን ሳይ አገዳቸውን ተመለከትኩ። አቆራረጡ ሰያፍና ንጹሕ ነበር፣ የታችኛው እሾህ ተጠርጓል፣ ሁሉም እንቡጥ እኩል ደረጃ ላይ ነበር። ከየትኛው አገር እንደመጡ አልተጻፈም። በአንድ ግሪንሃውስ ውስጥ በጠዋት ተነሥታ እንቡጡ ይህን ያህል ሲከፈት ቁረጪ ተብላ የሠለጠነች ሴት ዓይንና መቀስ ግን እዚያ አገዳ ላይ ይነበባል። ይህን ሥራ የሚያውቅ የአገሬ ሰው ኩከንሆፍን ቢጎበኝ ከእኔ ብዙ የሚበልጥ ነገር ያያል።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ከስኪፖል አየር ማረፊያ በሰሞኑ ቀጥታ አውቶቡስ አለ። የእግር መንገዱ በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁሉንም ለማዳረስ አይሞክሩ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ይግቡና አንድ የቱሊፕ መደብ ይምረጡ። በብርዱ አበባዎቹ ተዘግተው፣ ቀጥ ብለው፣ ጠባብ ሆነው ያገኟቸዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከወጣ ወደዚያው መደብ ይመለሱ። ተከፍተዋል። ሲሞቅ የአበባ ቅጠሉ ውስጠኛ ገጽ ከውጪው ፈጥኖ ያድጋል፣ ቅጠሉ ወደ ውጪ ይቀለበሳል። ሲበርድ የውጪው ገጽ ይረዝማል፣ ይዘጋል። ክሮከስ ለዚህ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ለውጥ ይበቃዋል። እንቅስቃሴው እድገት ስለሆነ አበባው በከፈተና በዘጋ ቁጥር ጥቂት ይረዝማል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው ቀን በዓይን የሚለይ ያህል ይተልቃል። መደቡን የነደፈው ሰው ይህንንም አስቦበታል። ጠዋት በአበቦቹ መካከል የሚታየው አረንጓዴ ክፍተት ከሰዓት በኋላ ተደፍኖ ያገኙታል። ሳምንቱን ከእኔ ከጠየቁኝ ከሚያዝያ አሥር በኋላ ያለውን እመርጣለሁ፤ የመካከለኛው ንብርብር ሳያልቅ የታችኛው ስለሚጀምር ርክክቡን በአንድ መደብ ላይ ለማየት የሚያመቸው ያኔ ነው።